ተነቅሎ የተቀመጠው ሃርድ ዲስክ

ለፎቶ ቤቶች፣ ለጽሕፈትና ኅትመት አገልግሎት ባለቤቶች እና ለመምህራን የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

ንግግሬን ከመጀመሬ በፊት አንድ ሥራ ላስጀምር። ይህ ጠረጴዛው ላይ የምታዩት ላፕቶፕ ሁለተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡት እኅታችን ነው። ጽሕፈት ቤት አላቸው፤ የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የሠርግ መጥሪያ፣ የውል ሰነድ ሲሠሩበት የኖሩበት ነው። ከጎኑ ያለው ጥቁር ነገር ደግሞ የዚሁ ላፕቶፕ የቀድሞ ሃርድ ዲስክ ነው። ባለፈው ዓመት እኔው ነኝ የነቀልኩት። በኤስኤስዲ፣ የሚሽከረከር ሳህን በሌለው ፈጣን ማከማቻ፣ ስተካው አሮጌውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው፤ እሳቸውም መሳቢያ ውስጥ አኖሩት። ዛሬ ጠዋት ከዚያው መሳቢያ ወጥቶ መጣ። አሁን "ሥራ" የሚለውን ፎልደር ወደ እርሱ መገልበጥ አስጀምሬያለሁ። መጠኑ 58 ጊጋባይት ነው። ላፕቶፑ ያለው የቆየው ዩኤስቢ 2 ስለሆነ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል። እስከዚያ እናውራ።

ይህን ዲስክ ይዤ የመጣሁት ብርቅ ስለሆነ አይደለም። ብዙዎቻችን ቤት አንድ አለ። ላፕቶፕ ሲንቀራፈፍ ባለሙያ ጋ ይወሰዳል፤ ሃርድ ዲስኩ ወጥቶ ኤስኤስዲ ይገባል፤ ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ይነሣል፤ የወጣው ዲስክ በፌስታል ታስሮ ለባለቤቱ ይሰጣል። ስክሪኑ የተሰበረ ላፕቶፕ ወይም ማዘርቦርዱ የተቃጠለ ዴስክቶፕ ውስጥም ደኅና ዲስክ ይገኛል። 320 ጊጋባይት፣ 500 ጊጋባይት፣ አንዳንዴም 1 ቴራባይት። እኛ ግን አዲስ ኤክስተርናል፣ ከውጭ የሚሰካ ዲስክ፣ የምንገዛበትን ቀን እየጠበቅን ሥራችን ያለ አንዳች ቅጂ ውሎ ያድራል። በጥገና ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ደጋግሞ ያሳዘነኝ ይህ ነው። መድኃኒቱ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሰው ይታመማል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የፎቶ ቤት ባለቤት ላፕቶፓቸውን በነጠላ ጠቅልለው መጡ። ስከፍተው ማያው ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥኩ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይልና ጸጥ ይላል፤ ቆይቶ እንደገና ጠቅ፣ ጠቅ። ይህን ድምፅ የሚያውቅ ባለሙያ ልቡ ድንግጥ ይላል። የዲስኩ የማንበቢያ ራስ የሚይዘውን መስመር እየፈለገ ሲያጣ የሚያሰማው ነውና። "ሥራው ሌላ ቦታ ተቀምጧል?" ብዬ ጠየቅኋቸው። ፊታቸው በራ። "እንዴታ! ሁሉንም ዲ ላይ ገልብጫለሁ" አሉኝ።

ከባዱ ነገር ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ሲ እና ዲ ሁለት ዲስክ አለመሆናቸውን፣ አንዱ ዲስክ ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ስም እንደተሰጠው ማስረዳት ነበረብኝ። አንድ ክፍል ቤት በመጋረጃ ብንጋርድ ሁለት ቤት አይሆንም፤ ጣሪያው ሲወርድ ከመጋረጃው ማዶ ያለውም ይቀበራል። የሦስት ዓመት ክርስትናና ሠርግ እዚያ ነበር። ከሁሉም በላይ ያስለቀሳቸው ገና ያላስረከቡት የአንድ ሠርግ ሥራ ነው። ለሙሽሮቹ ምን ይበሏቸው? ገንዘብ ይመለሳል፤ ሠርግ አይደገምም።

የዲ ነገር ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ እኛው ባለሙያዎች ነን ያስተማርነው። ዊንዶውስ ሲበላሽ ሲ ፎርማት ይደረጋል፣ ዲ ይተርፋል፤ ስለዚህ "ዕቃችሁን ዲ ላይ አድርጉ" ስንል ኖረናል። ምክሩ ከዊንዶውስ ብልሽት ያድናል። ዲስኩ ራሱ ሲሞት ግን ምንም አያደርግም። የምክሩን ሁለተኛ አጋማሽ ሳንናገር በመቅረታችን የጠፋውን ሥራ ሳስብ ዛሬም ይከነክነኛል።

ሁለተኛው ታሪክ የራሴ ነው። እኔ የዲን ነገር ስለማውቅ በዴስክቶፔ ውስጥ ሁለተኛ ዲስክ አስገባሁ። እሱም ከተበላሸ ኮምፒውተር የተረፈ 500 ጊጋባይት ነበር። በየቅዳሜው ሥራዬን ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው እገለብጥ ነበር። ከፋይሎቹ መካከል ከአያቴ የቀዳሁት የ40 ደቂቃ ድምፅ ነበረ፤ የልጅነቷን መንደርና በእግር የተጓዘችውን መንገድ የምትተርክበት። አንድ ምሽት መብራት ሄደ፤ ተመለሰ፤ ወዲያው ደግሞ ሄደ። ሦስተኛ ሲመጣ ከኮምፒውተሩ ጀርባ የተቃጠለ ሽታ ወጣ። ፓወር ሳፕላዩ፣ ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኃይል የሚያከፋፍለው ዕቃ፣ ሲቃጠል የሚልከው ኃይል ከልኩ አልፎ ሁለቱንም ዲስኮች ይዟቸው ሄደ። ከሌላ ተመሳሳይ ዲስክ ላይ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳውን ፈትቼ ቀይሬ ሞከርኩ፤ አልሆነም። በዘመኑ ዲስኮች ሰሌዳ ላይ የየራሳቸው የልኬት መረጃ የያዘ ቺፕ ስላለ የአንዱ ለሌላው እንዲሁ አይገጥምም። አያቴ በዚያን ጊዜ አርፋ ነበር። ሁለት ቅጂ ነበረኝ፤ ሁለቱም ግን አንድ ሣጥን ውስጥ፣ አንድ የኃይል ገመድ ላይ ነበሩ።

ስለዚህ ትርፍ ዲስክ ያለው ሰው "ዴስክቶፔ ውስጥ ላስገባው ወይ?" ሲለኝ መልሴ አጭር ነው። ማስገባቱ አይከፋም፤ አንዱ ዲስክ ብቻውን ቢሞት ሌላው ይተርፋል። ነገር ግን መብረቅ፣ የመብራት መዋዠቅ፣ ሌባ፣ ቫይረስ ሲመጣ ሁለቱን አይለይም። ከውጭ በዩኤስቢ ተሰክቶ ሌት ተቀን የሚውልም ከዚህ ብዙ አይሻልም።

ቫይረስ ስል የድሮውን፣ ፍላሽ ላይ አቋራጭ ምልክት እየፈጠረ የሚያስቸግረንን ማለቴ አይደለም። ፋይሎቻችንን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀውን ነው። ይህ ዓይነቱ ጠላት ኮምፒውተሩ የሚያየውን ዲስክ ሁሉ ያያል፤ ውስጥ ይሁን ውጭ አይመርጥም። ከፎቶ ቤቶች የመጡልኝን ስመረምር መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ተሰብሮ በነጻ የሚታደል የፎቶ ማቀነባበሪያ ፕሮግራም ነበር። ፎቶዎቹ በቦታቸው አሉ፤ ስማቸው መጨረሻ ላይ አራት የማይታወቁ ፊደላት ተጨምረዋል፤ አንዱም አይከፈትም። ጎኑ ላይ እንደተሰካ የቆየው ኤክስተርናልም እንደዚያው።

በዓለም ላይ ትልቅ የሚባል ድርጅትም በዚህ ወድቋል። እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 2017 ኖትፔትያ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም ሜርስክን፣ የዴንማርኩን የመርከብ ኩባንያ፣ በአንድ ቀን አሽመደመደው። ኩባንያው የሠራተኞቹን መግቢያ ፈቃድና የኮምፒውተር መረቡን መዋቅር የሚይዙ ወደ 150 የሚጠጉ ማዕከላዊ ኮምፒውተሮች በየአገሩ ነበሩት። እርስ በርሳቸው ሁልጊዜ ይገለባበጣሉ፤ አንዱ ቢሞት ሌሎቹ አሉ ተብሎ ታስቦ ነው። ሁሉም በአንድ መረብ ላይ ስለነበሩ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጠፉ። አንድ ብቻ ተረፈ፤ ጋና ያለው። የተረፈበት ምክንያት ምን ነበር? በዚያች ሰዓት ጋና መብራት ጠፍቶ ነበር። ከመረቡ ተቆርጦ ስለነበር ጥፋቱ ሳይደርስበት ቀረ። ከጋና ቢሮ ወደ እንግሊዝ ለመግባት ቪዛ ያለው ሠራተኛ ስላልተገኘ አንድ ሰው እስከ ናይጄሪያ ወስዶ፣ ሌላው ከዚያ ተቀብሎ ለንደን አደረሰው። ኩባንያው 4 ሺህ ሰርቨሮችንና 45 ሺህ ኮምፒውተሮችን በ10 ቀን ውስጥ እንደገና የጫነው ያ አንድ ቅጂ በመትረፉ ጭምር ነው።

መብራት ሲጠፋ ስንቶቻችን እንደምንማረር አውቃለሁ። ከዚህ ታሪክ ግን የምወስደው ነገር አለ። ያንን ኮምፒውተር ያዳነው ጥራቱ አይደለም፤ አዲስነቱም አይደለም። ያልተገናኘ መሆኑ ነው። መሳቢያ ውስጥ ያለው አሮጌ ዲስካችን በዓለም ላይ ውድ ከሚባለው መሣሪያ የሚበልጥበት አንድ ነገር ይኸው ነው፤ ገመዱን ነቅለን እናስቀምጠዋለን። አልፎ አልፎ ብቻ መሰካቱ ጉድለቱ ሊመስል ይችላል፤ እኔ ዋና ጥቅሙ ነው እላለሁ።

"አልፎ አልፎ" ስንት ነው ለሚለኝ፣ ቢጠፋባችሁ ደግማችሁ ልትሠሩት የምትችሉት የስንት ቀን ሥራ ነው? መልሱ እሱ ነው። መምህር የፈተና ውጤት በሚያስገባበት ሳምንት በየቀኑ፣ ክረምት ላይ በወር አንዴ ይበቃዋል። ፎቶ ቤት ግን ከእያንዳንዱ ሠርግ ማግስት፣ የካሜራው ካርድ ከመጽዳቱ በፊት መሆን አለበት።

አሁን ወደ ዲስኩ እንምጣ። አሮጌ ስለሆነ ጤንነቱ ሳይታይ አደራ አይሰጠውም። ሃርድ ዲስክ ራሱን እየመዘገበ የሚኖር ዕቃ ነው፤ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ስንት ቦታው እንደተበላሸና በትርፍ እንደተተካ ይጽፋል። ይህን መዝገብ የሚያነቡ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ፤ ለዊንዶውስ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለው ይበቃል። ሰማያዊ ከሆነ ደኅና፣ ቢጫ ከሆነ ጥንቃቄ፣ ቀይ ከሆነ መጥፎ ነው። እኔ ከቀለሙ ይልቅ 05 እና ሲ5 የሚሉትን ረድፎች አያለሁ። የመጀመሪያው ተበላሽተው የተተኩ ቦታዎችን፣ ሁለተኛው ለመነበብ ያስቸገሩ ቦታዎችን ይቆጥራል። በስተቀኝ በኩል ያለው ቁጥር ዜሮ ብቻ ከሆነ ደስ ይለኛል፤ ሌላ ቁጥር ካለበት ለመጠባበቂያ አልጠቀምበትም። ኬዝ፣ ማለትም ዲስኩን ከትተን በዩኤስቢ የምንሰካበት ሽፋን፣ አንዳንዱ መዝገቡን ስለማያሳልፍ፣ ከተቻለ ዲስኩ ከላፕቶፑ ሳይወጣ በፊት ማየት ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ2007 የጉግል ባለሙያዎች ከ100 ሺህ በላይ ዲስኮችን ተከታትለው ያወጡት ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ዲስክ ገጹ ሲፈተሽ የመጀመሪያውን ስሕተት ካሳየ፣ በሚቀጥሉት 60 ቀናት የመሞት ዕድሉ ስሕተት ካላሳየው 39 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ መዝገቡ መጥፎ ከሆነ እመኑት። በሌላ በኩል ከሞቱት ዲስኮች ከግማሽ የሚበልጡት በዋና ዋናዎቹ አራት ምልክቶች አንድም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጡ ነው የሞቱት። ስለዚህ መዝገቡ መልካም ነው ብላችሁ ልባችሁን አትጣሉበት። አሮጌው ዲስክ ሁለተኛ ቅጂ ይሁን እንጂ ብቸኛ ማደሪያ አይሁን።

ይህንን ጉዳይ ዛሬ ከምናገረው ሁሉ አስበልጬ አየዋለሁና አንድ ጊዜ ልቁምበት። ላፕቶፕ ሲሞላ ሰው ምን ያደርጋል? የቆየውን ሥራ ወደ ትርፉ ዲስክ ይገለብጥና ቦታ ለማስለቀቅ ከላፕቶፑ ያጠፋዋል። "ባክአፕ አለኝ" ይላል። የለውም። ቀድሞም አንድ ነበር፣ አሁንም አንድ ነው፤ ያውም ወደ አሮጌው ዲስክ ተዛውሮ። መጠባበቂያ ማለት ዋናው በቦታው እያለ ሌላ ቦታ ያለ ሁለተኛ ነው። ኮፒ አድርጉ እንጂ ከት አታድርጉ። ቦታ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ለዚያ ሌላ ዲስክ ፈልጉና የሚዛወረውን ሥራ ሁለት ቦታ አኑሩት።

የዲስኩን ዓይነት ማወቅ ኬዝ ለመግዛት ይረዳል። ከላፕቶፕ የወጣው መዳፍ ላይ የሚያርፍ፣ 2.5 ኢንች የሚባለው ነው፤ 5 ቮልት ብቻ ስለሚፈልግ በዩኤስቢው ገመድ ይነሣል። ከዴስክቶፕ የወጣው 3.5 ኢንች ከበድ ያለና 12 ቮልትም የሚፈልግ ነው፤ ስለዚህ የራሱ አዳፕተር ያለው ኬዝ ግዙለት። ሁለቱም ጠርዛቸው ላይ ጎን ለጎን ሁለት ጠፍጣፋ መሰኪያ አላቸው፤ አጭሩ የመረጃ ነው፣ 7 መስመር አለው፤ ረጅሙ የኃይል ነው፣ 15። በሁለቱ መሰኪያዎች ፈንታ 40 ያህል ቀጫጭን መርፌዎች በሁለት ረድፍ ካያችሁ ዲስኩ የድሮው ዓይነት ነው፤ ውስጡ ያለውን አውጡበትና አሰናብቱት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላሳያችሁ። ይህን ትንሹን ዲስክ ስትሰኩት አንዳንዴ ይነሣል፣ ጠቅ ይላል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይነሣል። ቅድም ያልኳችሁን የሞት ድምፅ ይመስላል። አትደንግጡ። ዩኤስቢ 2 የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ነው፤ ዲስኩ ሲነሣ ከዚያ በላይ ሊጠይቅ ይችላል። በጀርባው የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ፤ የሚፈልገው መጠን ተጽፎበታል። ሌላ መሰኪያ ሞክሩ፣ ገመዱን በአጭር ለውጡ፣ ዩኤስቢ 3 ያለበት ኮምፒውተር ካለ እዚያ ሰኩት፤ እሱ 900 ይሰጣል። በኃይል እጥረት ብቻ "ሞቷል" ተብለው ሊጣሉ የነበሩ ዲስኮች በእጄ ተነሥተዋል።

ከመሬት ከፍታ ጋር የተያያዘም ነገር አለ፤ ለእኛ አገር ስለሚመለከት ልናገረው። የማንበቢያው ራስ የሚሽከረከረውን ሳህን አይነካም፤ በናኖሜትር በሚለካ ርቀት ላይ በአየር ተንሳፍፎ ነው የሚሄድ። ሳህኑ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል፣ በሴኮንድ 90 ማለት ነው። አየሩ ሲሳሳ የማንበቢያው ራስ ወደ ሳህኑ ይቀርባል። ለዚህ ነው አምራቾች ለመደበኛ ሃርድ ዲስክ ብዙውን ጊዜ 3,048 ሜትርን የሥራ ጣሪያ አድርገው የሚያስቀምጡት። አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን፣ ጎንደር ያለ ሰው አያሳስበው። መንዝ ጓሳን በመሰለ ከዚያ ከፍታ በላይ ባለ ቦታ የምትሠሩ ግን ዲስኩን ወረድ ብሎ ካለ ከተማ ላይ ብትገለብጡበት ይመረጣል። ጠፍቶ መቀመጡ ብቻ ችግር የለውም፤ አውሮፕላን ላይም ይጓዛል።

ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ውስጡን አንድ በአንድ እዩ። አሮጌው ዲስክ ስለተነቀለ ባዶ ነው ማለት አይደለም፤ ወደ አዲሱ ሳይገለበጥ የቀረ ፎልደር ብዙ ጊዜ አግኝቻለሁ። ቀጥሎ የምትመርጡት ዲስክ ትክክለኛው መሆኑን በመጠኑ አረጋግጡ። ሁለት 500 ጊጋባይት ተሰክተው ከሆነ አንዱን ንቀሉ። በችኮላ ዋናውን ፎርማት አድርጎ የመጣ ሰው ፊት ዛሬም ዓይኔ ላይ ነው። ፎርማት ሲደረግ ከሚቀርቡት የፋይል አደራደር ዓይነቶች ለዊንዶውስ ተጠቃሚ ኤንቲኤፍኤስ ይስማማዋል። ፋት32 ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል ስለማይቀበል የሠርግ ቪዲዮ አይችልም። ኩዊክ ፎርማት የሚለውን ምልክት አንሡና ሙሉውን ይሥራ፤ 500 ጊጋባይት በዚህ ዓይነት ላፕቶፕ ከ4 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ማታ አስጀምራችሁ ተኙ። ሲነጋ ሳይሳሳት ከጨረሰ ገጹ በሙሉ ተነካክቷል ማለት ነው።

አገለባበጡ ላይ ብዙ አልቆይም። በየጊዜው የቀኑን ስም የያዘ አዲስ ፎልደር ክፈቱ፤ ቦታ ካነሰ ከሁሉም የቆየውን አጥፉ፤ ሁለት ወይም ሦስት የተለያየ ቀን ቅጂ ግን ምንጊዜም ይኑር። ምክንያቱ ይህ ነው፤ አንድ ሰነድ በስሕተት ተበላሽቶ በአሮጌው ላይ ከተጻፈበት ጤነኛው ጠፋ። ሁለቱን ቦታዎች አንድ ዓይነት የሚያደርጉ ፕሮግራሞች ምቹ ናቸው፤ ነገር ግን ከላፕቶፑ በስሕተት ያጠፋችሁትን ከመጠባበቂያውም ያጠፉላችኋል። ላፕቶፑ ባትሪ ካለው ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ መሀል ላይ መብራት ቢሄድ ይጨርስላችኋል። ሲያበቃ ከታች በቀኝ በኩል ባለው ምልክት ዲስኩን አሰናብታችሁ፣ መሽከርከሩ እስኪቆም ጥቂት ቆይታችሁ ንቀሉ። ላፕቶፑ ገና ያልጻፈው ነገር በማስታወሻው ይዞ ሊሆን ይችላልና መዝለል የለበትም።

የት ይቀመጥ? ዲስኩን በላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ የሚያኖር ሰው ብዙ ነው፤ ሌባ ሁለቱን በአንድ እጅ ያነሣል። ሥራው ሱቅ ውስጥ ያለ ከሆነ ዲስኩ ቤት ይደር፤ ሥራው ቤት ውስጥ ያለ ከሆነ እኅት ወይም ወንድም ጋ ይቀመጥ። በነገራችን ላይ ይህን አገራችን ከኮምፒውተር በፊት ሠርታበታለች። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ከየገዳማቱና ከየአብያተ ክርስቲያናቱ ከ9 ሺህ በላይ የብራና መጻሕፍት ፎቶ ተነሥተው ቅጂያቸው አዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ተቀምጧል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን ሰጥተው ዝርዝራቸውን ያዘጋጁት ከዚያ ቅጂ ነው። ብራናው እዚህ አገር በየዕቃ ቤቱ ሆኖ ምስሉ ከውቅያኖስ ማዶ ተነበበ። እኛ ከአንድ ሠፈር ወደ ሌላ ሠፈር ማሻገር ከበደን?

አንድ ወጣት ከንግግሩ በፊት "በአሮጌው ሃርድ ዲስክ ፈንታ ለምን ኤስኤስዲ አናደርግም? አይወድቅም፣ አይጮህም" ብሎ ጠይቆኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ኤስኤስዲና ፍላሽ መረጃን የሚይዙት በኤሌክትሪክ ሙላት ነው፤ ያ ሙላት ኃይል ሳያገኝ ሲቆይ ቀስ እያለ ይፈስሳል። ለተራ ተጠቃሚ ኤስኤስዲ የወጣው የኢንዱስትሪ መስፈርት የሚጠይቀው፣ የተፈቀደለትን ያህል ተጽፎበት ያረጀ ኤስኤስዲ ኃይል ሳያገኝ በ30 ዲግሪ ሙቀት አንድ ዓመት እንዲቆይ ነው። አዲሱ ከዚያ እጅግ ይበልጣል፤ ቢሆንም ነቅለን ለምናስቀምጠው ነገር ባለ ሳህኑ ሃርድ ዲስክ ይስማማል፤ የሚጽፈው በማግኔት ነውና። እሱም ቢሆን ዓመታት ሳይነካ አይረሳ፤ በየሁለትና በየሦስት ወሩ ተሰክቶ ይዙር። በፌስታል አትጠቅልሉት፤ ፌስታል የማይታይ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፣ እርጥበትም ይይዛል። አዲስ ዕቃ የሚመጣበት ብርማ ከረጢት ካላችሁ እሱ፣ ከሌለ ኬዙ ውስጥ እንዳለ በካርቶን ይሁን። ከነቀላችሁት በኋላ ከጠረጴዛ ጫፍ አርቁት።

የደንበኞቻችሁ መታወቂያና ውል ያለበት ዲስክ ቢሰረቅ የሌላ ሰው ምስጢር ይወጣል። በይለፍ ቃል መቆለፍ ይቻላል። ብትቆልፉት ግን ቃሉን በወረቀት ጽፋችሁ ከዲስኩ ሌላ ቦታ አኑሩ፤ የጠፋ ቃል ከሞተ ዲስክ አይለይም።

እነሆ፣ መገልበጡ አብቅቷል። አሁን የሚቀረው ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ነው። እኅታችን፣ እባክዎ ወደዚህ ይምጡ። ከዋናው ሳይሆን ከዲስኩ ላይ አንድ ፋይል ይምረጡ፤ የቱንም። (መጡ፤ ብዙ ፎልደር አለፉና ቆሙ።) የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው ይላሉ፤ 112 ገጽ፤ ነገ ሊወስደው የሚመጣ። ይክፈቱት። ተከፈተ። እስከ መጨረሻው ገጽ ይውረዱ። ሠንጠረዡ አለ? ምስሎቹስ? አሉ። ሌላ አንድ ይምረጡ፤ ከበድ ያለ ቢሆን ጥሩ ነው። ይህም ተከፈተ።

አሁን አሰናብቼዋለሁ። እጄን ኬዙ ላይ አድርጌ መዞሩ እስኪቆም እየጠበቅኩ ነው። ቆመ። ነቀልኩት። በዚህ ነጭ ፕላስተር ላይ "ሥራ" ብዬ የዛሬውን ቀን እጽፍበታለሁ። እንኩ። ወደ ጽሕፈት ቤቱ እንዳይመልሱት፤ ከእናትዎ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ቦታ አለ ብለውኛል፤ ዛሬውኑ እዚያ ያድርሱት።